ድምፅ የሌለው ኪቦርድ፣ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንዲት ክፍል ሙዚቃ ለሚቀርጽ ሰው ትንሽ ሚዲ ኪቦርድ ያዋጣል ወይ? እኔን አዋጥቶኛል። የእኔው ባለ 25 ቁልፍ ነው። ስፒከር የለውም፤ የራሱ የፒያኖ ድምፅም የለውም። ከላፕቶፕ ጋር ካልተገናኘ ጭጭ ነው።

ቁልፍ ስትነኩ ወደ ላፕቶፑ የሚሄደው ሚዲ የሚባለው መልእክት ብቻ ነው፦ የቱ ኖታ ተነካ፣ በምን ጉልበት፣ መቼ ተለቀቀ። ድምፁን የሚፈጥረው ሶፍትዌሩ ነው። ማይክ ግን የአየሩን ንዝረት ነው የሚይዘው፤ በተለመደው አቀራረጽ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። የአንድ ደቂቃ ስቴሪዮ ዋቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) ወደ 10 ሜጋባይት ሲሆን፣ የሙሉ ዘፈን ሚዲ በኪሎባይት የሚቆጠረው ለዚህ ነው።

ልዩነቱ በደንብ የገባኝ ክረምት ላይ ነው። የጎጃም ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ማይክ መክፈት ዘበት ነው። ሚዲ ግን ጆሮ የለውም። ዶፉ እየወረደ ቤዙንም ከበሮውንም እጫወታለሁ፤ ዘፈኑና ማሲንቆው ሲያባራ ይቀረጻሉ። መብራት ሲሄድም ኪቦርዱ ኃይሉን ከላፕቶፑ ስለሚስብ ባትሪው እስኪያልቅ ሥራ አይቆምም።

ድምፃዊዋ «ከፍ ብሎብኛል፣ ትንሽ አውርደው» ካለችም ችግር የለም። የሚዲ ኖታዎቹን መርጦ ማውረድ የሰከንዶች ሥራ ነው። የተቀረጸ ማሲንቆ ካለ ግን እሱ አብሮ አይወርድም። በሶፍትዌር ጎትቶ ማውረድ ይቻላል፤ ጣዕሙ ግን ይሄዳል። ስለዚህ የሚመቻት ከፍታ ሳይለይ ማሲንቆ መቺ አልጠራም።

በኪቦርዱ ማሲንቆ ማስመሰልን ተውኩት። ሚዲ የአነካኩን ጉልበት እስከ 127 ባለው ቁጥር ይመዘግባል፤ የሚመዘግበው ግን ቁልፉ ሲወርድ ነው። የማሲንቆ ነገር የሚጀምረው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ደጋኑ ይጠብቃል፣ ይላላል፤ ጣት ይንሸራተታል። ኖታውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ፒች ቤንድ ትንሽ ያግዛል፣ ግን የት ይደርሳል! አንቺሆዬ ቅኝት ላይ ይብሳል፤ የኪቦርዱ እኩል የተከፈሉ 12 እርከኖች መቺው በጆሮው ከሚያገኘው ቦታ ሁልጊዜ አይገጥሙም። ሶፍትዌሩ ቅኝት የሚያስተካክል ከሆነ ማረም ይቻላል። እኔ ግን ሰውየውን እጠራለሁ። ሥራችሁ ክራርና ማሲንቆ መቅረጽ ብቻ ከሆነ ብራችሁን ለማይክና ለሳውንድ ካርድ አውሉት።

ባሕር ዳር ካለው ጓደኛዬ ጋር ሥራ ስንቀባበል ሚዲውንም ዋቩንም እልካለሁ። ሚዲው ብቻውን ከሄደ የሚሰማው እሱ ጋ በተጫነው ፒያኖ ነው፤ የእኔው ድምፅ አይደርሰውም።

ዕቃው ራሱ እስካሁን ደህና ነው። አንዷ ፓድ (በጣት የምትመታ የከበሮ ቁልፍ) ብቻ ጠንከር ተደርጋ ካልተመታች አትሰማም። ቁልፎቹ ጠባብ ስለሆኑ ለሁለት እጅ አይመቹም። ቁልፍ ነክታችሁ ድምፁ ከዘገየባችሁ ግን ኪቦርዱን ከመውቀሳችሁ በፊት የሶፍትዌሩን በፈር እዩ፤ ድምፁን ከማሰማቱ በፊት የሚያጠራቅመው የልኬት ብዛት ነው። በ44,100 ቀረጻ 1024 ላይ ከሆነ እሱ ብቻውን 23 ሚሊሰከንድ ያህል ያዘገያል፤ 128 ላይ ወደ 3 ይወርዳል። ላፕቶፑ አሮጌ ከሆነ እዚያ ላይ ድምፁ መንጣጣት ሊጀምር ይችላል፤ ያኔ 256ን ሞክሩ።