ሁለት ጊዜ የተቃጠለች ድሮኔን ላስነሱልኝ የደሴ ፒያሳው ጋሼ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። በካሜራ ድሮን የምትሰሩ ካላችሁ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት፣ ይጠቅማችኋል።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ሰርግ እቀርጻለሁ። ግንባታ ላይ ስራ ሳገኝ ደግሞ በየወሩ ህንጻው የደረሰበትን ከላይ አነሳለሁ። ድሮን ሲባል ሰው እንደሚሰጋ አውቃለሁ፤ ያለ ፈቃድና የአካባቢውን ሰው ሳላስታውቅ አስነስቼ አላውቅም። ያለችኝ አንዲት ማቪክ ፕሮ ናት፣ በፈረንጆች 2016 ከወጡት። አሮጌ ናት። ግን የእኔም የረዳቴም እንጀራ እሷ ላይ ነው።

ከሦስት ወር በፊት አንድ ግንባታ ላይ ላስነሳት ስል አንዱ ሞተር ተንቀጠቀጠ። ሲጥ ሲጥ አለና ቆመ። ሦስቱ ሲዞሩ እሷ በጎኗ ተገለበጠች። ስልኬ ላይ የኢኤስሲ ስህተት የሚል ጽሁፍ መጣ።

ለማያውቅ ሰው፣ ኢኤስሲ የሞተሩን አዟዟር የሚቆጣጠረው ክፍል ነው። ከባትሪው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ይቀበልና በሦስት ሽቦ ተራ በተራ ለሞተሩ ያድላል። ስራውን የሚሰሩት ሞስፌት የሚባሉ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች ናቸው። ለአንድ ሽቦ ሁለት፣ ለአንድ ሞተር ስድስት። በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። ከስድስቱ አንዱ ሲቃጠል ሞተሩ ዙሩን ያጣል። አራት ሞተር ብቻ ያላት ድሮን ደግሞ አንዱ ሲከዳት መውደቅ ነው።

መጀመሪያ ሌላ ከተማ ላለ ባለሙያ ላክኋት። የተቃጠለውን ቀይሮ መለሰልኝ። አራተኛው በረራ ላይ ያው ሞተር እንደገና ቆመ። ደግነቱ ከሰው ቁመት ብዙም አላለፈችም ነበር፣ ሳር ላይ ወደቀች። ደውዬ ስነግረው «ቦርዱ አልቆለታል፣ ሌላ ድሮን ግዛ» አለኝ። ሁለት ሰርግ ተቀብዬ ነበር፣ ቀብድም በልቻለሁ። ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም።

አጎቴ ናቸው ደሴ ውሰዳት ያሉኝ። «ያ ቴሌቪዥናችንን የሰራልን ሰውዬ ጋ ለምን አታሳያትም?» አሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ አላመንኩም። ቴሌቪዥንና ድሮን ምን ያገናኘዋል ብዬ ነበር። ሌላ አማራጭ ስላጣሁ ግን ድሮኗን እቅፌ ላይ አድርጌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሐረጎን ዳገት ስንወጣ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር።

ሱቃቸው ፒያሳ አካባቢ ነው፣ ጠባብ ናት። ግድግዳው በሙሉ ሬዲዮና የቴሌቪዥን ቦርድ ነው። ጋሼ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋትና መጀመሪያ የጠየቁኝ ነገር ገረመኝ። «የት የት ነው የምታሳርፋት?»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ግንባታ ላይ፣ መሬቱ ላይ፣ ብረት የሚቆርጡት ልጆች አጠገብ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አብሽር፣ እናየዋለን» አሉና ካውያቸውን ሰኩ።

ባትሪውን በቀጥታ አላገናኙም። አንድ የመኪና የፍሬን አምፖል አመጡና በባትሪውና በቦርዱ መሀል አስገቡት። ቦርዱ ላይ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል፣ ቦርዱ ግን ከዚያ በላይ አይጎዳም። ባይኖር ብልጭ ብሎ ይደበዝዛል። ቦግ አለ። እኔ ደነገጥኩ፣ እሳቸው ደስ አላቸው። «በሽታው አልተደበቀም ማለት ነው» አሉኝ።

ከዚያ የዚያን ሞተር ሦስት ሽቦ ነቀሉ። ድሮኗ ላይ ሽቦዎቹ በቀጥታ ቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው፣ አራቱ ሞተሮች 12 ሽቦ አላቸው። እያንዳንዷን ቦታ በቴስተር ለኩ። ከአንዷ በስተቀር ሁሉም ተመሳሳይ ቁጥር አሳዩ። አንዷ ላይ ቴስተሩ ጮኸ። የተቃጠለው ሞስፌት ተገኘ።

እኔ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ያኛው ባለሙያም እዚህ ድረስ ደርሶ ነበር እኮ። ጋሼ ግን ቴስተሩን አስቀመጡና ሞተሮቹን በጣታቸው ማዞር ጀመሩ። «ና፣ አንተም ንካው» አሉኝ። ሦስቱ ለስለስ ብለው ይዞራሉ። አራተኛው ሻከር ይላል፣ አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ። እኔ ኩሽኔታው ያለቀ መሰለኝ። ሲፈቱት ውስጡ የብረት ብናኝ ነው። ማግኔቶቹ ላይ እንደ ጢም ቆሞ!

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። የሞተሩ ማግኔት ብረት በሚቆረጥበት ቦታ ያለውን ብናኝ ሁሉ ይስባል። በማግኔቱና በመዳብ ሽቦው መካከል ያለው ክፍተት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ብናኙ እዚያ ገብቶ ሞተሩን ይይዘዋል፣ የሽቦውን ሽፋንም ይፍቃል። ሞተሩ ሲከብደው ብዙ ኤሌክትሪክ ይጠይቃል። ያን ሁሉ የሚሸከመው ሞስፌቱ ነው፣ ግሎ ይቃጠላል። ሞተሩ ሳይታይ አዲስ ሞስፌት ቢገባ ያው አዲሱም ይቃጠላል። በእኔ የደረሰው ይኸው ነው። ጥፋቱ ከድሮኗ ፋብሪካ አልነበረም፣ እኔ ከማሳርፍበት ቦታ ነው።

አንድ ነገር ጨመሩልኝ። ደሴ ከባህር ጠለል 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ይበልጥ ፈጥኖ መዞር አለበት። ስለዚህ ሞተሩም ኢኤስሲውም ኮምቦልቻ ላይ ከሚደክሙት የበለጠ ይደክማሉ። ደሴ ሰርግ ሲኖረኝ ባትሪው ቶሎ የሚያልቅብኝ ለምን እንደሆነ ለዓመታት አላወቅሁም ነበር።

ሞተሩን አጽድተው ሊመልሱልኝ ይችሉ ነበር። እምቢ አሉ። «ሽቦው ተፍቋል፣ ይህን ሞተር አልገጥምልህም» አሉኝ። በእሳቸው ምክር የሞተች ማቪክ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፣ በአውቶቡስ መጣችልኝ። ሞተሩንም ሞስፌቱንም ከእሷ ወሰዱ። የሌሎቹን ሞተሮች ብናኝ በስኮች እየለጠፉ አወጡት። በአየር መንፋት እንደማይፈልጉ ነገሩኝ፣ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሞስፌቱን ሲበይዱ ቦርዱን ከስር ቀድመው አሞቁት፤ የቦርዱ መዳብ ሙቀቱን ስለሚመጥ ያለዚያ ብየዳው በደንብ አይይዝም። ሲጨርሱ በአልኮል አጠቡት።

ፈተናው ደግሞ ደስ ይላል። መጀመሪያ አምፖሉ፤ ብልጭ ብሎ ደበዘዘ። ቀጥሎ ያለ ክንፍ ለጥቂት ሰከንድ። ከዚያ ግቢ ውስጥ እስከ ወገብ ከፍታ አስነሳሁና ለአምስት ደቂቃ አቆየኋት። ሳሳርፋት «አራቱንም በየተራ ንካ» አሉኝ። አራቱም እኩል ለብ ብለዋል። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ችግሩ እዚያው አለ ማለት ነው። አሁን ከየበረራው በኋላ ይህን አደርጋለሁ።

3,000 ብር ነው የጠየቁኝ። የተቃጠለውን ሞስፌትና አሮጌውን ሞተር በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። የሰሩበትን ቦታ እንደሚያረጋግጡልኝ፣ ለሌሎቹ ሦስት ሞተሮች ግን ቃል እንደማይገቡልኝ በግልጽ ነገሩኝ። እንዲህ የሚነግረኝ ባለሙያ አጋጥሞኝ አያውቅም። ሁለቱንም ሰርግ በእሷ ቀረጽኩ፣ እስካሁን ከ20 ጊዜ በላይ በርራለች። ጋሼ፣ ከልቤ አመሰግናለሁ። እድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ ትቼዋለሁ። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ሱቁን አሳያለሁ። ስትሄዱ ባትሪውንም ክንፉንም ይዛችሁ ሂዱ። ወድቃ ከሆነ ወድቃለች በሉ፣ ውሃ ነክቷት ከሆነም አትደብቁ። ግንባታ ላይ የምትሰሩ ደግሞ እንደ እኔ አንድ ሜትር ተኩል ሸራ ያዙና እሱ ላይ አሳርፉ፣ ከብረት ቆራጮቹ ራቅ ብላችሁ። አርብ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ለጁምዓ ይዘጋሉ፣ ከኮምቦልቻ የምትመጡ ጠዋት ብትደርሱ ይሻላል።