ባሕር ዳር የት ልረፍ? ሐይቅ ዳር ወይስ መሐል ከተማ

ባለፉት ሁለት ሳምንታት ብቻ አራት ሰው ደውሎልኛል። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ባሕር ዳር ልሄድ ነው፤ አልጋ የት ልያዝ?» ለሥራ በየሁለት ወሩ ስለምመላለስ ነው እኔን የሚጠይቁኝ። መልሴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። መሐል ከተማ፣ ከጊዮርጊስ አደባባይ በእግር የሚደረስ፣ መካከለኛ ዋጋ ያለው ሆቴል ያዙ። ሐይቅ ዳር ማደር ዋጋውን አያወጣም።

ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። ባለፈው ዓመት እናቴን ጣናን ላሳያት ይዣት ሄድኩ። ዘጌን ለመሳለም ስትመኝ ነው የኖረችው። ክብሯ ነው ብዬ የለመድኩትን ሆቴል ትቼ ሐይቅ ዳር ያዝኩላት። በቴሌግራም የላኩልኝ ፎቶ ላይ መስኮቱ ሙሉ ውኃ ነበር። ስንደርስ የሰጡን ክፍል የሚያየው አንሶላ የሚሰጣበትን ጓሮ ነው። ፎቶው የፊት ለፊት ክፍሎች ነበር። የእነሱ ዋጋ ደግሞ ሌላ ነው።

ወደ ሂሳቡ ልምጣ። በስልክ የነገሩኝ 3,200 ብር ነበር። ሲከፈል 10 በመቶ ሰርቪስ ተጨመረና 3,520 ሆነ። በእሱ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲመጣ 4,048። ሁለት ሌሊት 8,096 ብር። ቁርሱ የአንድ ሰው ነው ተባልኩ፤ ለእናቴ በቀን 350፣ በሁለት ቀን 700። ሆቴሉ ከመሐል ከተማ ራቅ ስለሚል በወጣን በገባን ቁጥር ባጃጅ በኮንትራት ነው፤ እሱም 600 በላ። ድምሩ 9,396 ብር። የለመድኩት የመሐል ከተማ ሆቴል በዚያው ሰሞን ባለሁለት አልጋውን ክፍል 1,800 ብር ነበር የሚያከራየው። ሰርቪሱም፣ ቫቱም፣ የሁለት ሰው ቁርስም ገብቶበት። ሁለት ሌሊት 3,600 ብር። ልዩነቱ 5,796 ብር ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ስትደውሉ «አልጋ ስንት ነው?» ብላችሁ አትዝጉት። «ሁሉም ነገር ገብቶበት፣ ለሁለት ሰው ቁርስ ጨምሮ፣ ስወጣ የምከፍለው ስንት ነው?» በሉ። መልሱን በጽሑፍ ላኩልኝ በሉ።

ከገንዘቡ በላይ ያበሳጨኝ ግን ሻወሩ ነው። ቧንቧው ጫፍ ላይ የሚገጠመው፣ ውኃውን እዚያው የሚያሞቀው ዓይነት ማሞቂያ ነበር። እናቴ ገብታ ከፈተችው። ትንሽ ቆይታ «አንተ ልጅ፣ የሚቃጠል ይሸታል» አለችኝ። ሮጬ ብሬከሩን አወረድኩት። ተጠግቼ ሳየው ገመዱ ከማሞቂያው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ቡናማ ሆኖ ቀልጧል። በላዩ ሦስት ዙር ናስትሮ ተጠቅልሏል፤ ከዚህ በፊትም ተቃጥሎ ያውቃል ማለት ነው። የታወቀ ዕቃ ስም ተለጥፎበታል፣ ግን ከስሙ አንዲት ፊደል ጎድላለች። ፎርጅድ ነው። የመሬት ገመዱም ተቆርጦ ተንጠልጥሏል። ጥገናው ልጅ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዞ መጣ፤ ያደረገው ነገር አራተኛ ዙር ናስትሮ መጠቅለል ነው። በ4,048 ብር ክፍል ውስጥ እናቴ በባልዲ ታጠበች።

ከዚያ ወዲህ የትም ሆቴል ስገባ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ሻወር ቤት እገባለሁ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ባለጋን ቦይለር ካለ ደስ ይለኛል። ቀድሞ ይሞቃል፣ መብራት ቢሄድም የሞቀው ውኃ ለተወሰነ ሰዓት ይቆያል። የቧንቧ ጫፉ ዓይነት ከሆነ ገመዱን አያለሁ። ናስትሮ ካየሁ ክፍል አስቀይራለሁ። እንግዳ ተቀባይዋ ፊቷን ብታጠቁርም አስቀይራለሁ።

ሌላው ትንኝ ነው። ባሕር ዳር ከፍታዋ ወደ 1,800 ሜትር ነው፤ በአገራችን ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ቦታ ለወባ የተጋለጠ ነው የሚባለው። ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ይብሳል። መሐል ከተማም ትንኝ አለ። ሐይቅ ዳር ግን ቄጠማውና አትክልቱ መስኮትህ ሥር ነው። አጎበር መኖሩን ብቻ አትጠይቁ፤ ዘርግታችሁ እዩት። የእኛው በጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረው።

መሐል ከተማ ያለው መካከለኛ ሆቴል ምን ይሰጣል? ክፍሉ ጠበብ ይላል። መጋረጃው ዓይን አይስብም። ነገር ግን ውኃ አለ። ከተማዋ ጣና ዳር ሆና ቧንቧ የሚደርቅበት ቀን ብዙ ነው፤ ጣሪያው ላይ ስንት ሮቶ እንዳለ ከመንገዱ ማዶ ቆማችሁ ቁጠሩ። አንድ ሮቶ ለሠላሳ ክፍል ከሆነ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ያልቃል። ጀነሬተሩም መብራት በሄደ ቁጥር ይነሣል ወይስ ማታ ብቻ ብላችሁ ጠይቁ። ለሥራ የምትሄዱ ደግሞ የአበል ሂሳብ የምታወራርዱበት የማሽን ደረሰኝ ታገኛላችሁ።

ሐይቁስ? ሐይቁ የትም አልሄደም። ጠዋት ከሆቴሌ ወጥቼ፣ ዘንባባው ሥር ሥሩን ሄጄ፣ በአሥር ደቂቃ ጊዮርጊስ ጋ ውኃው ዳር ነኝ። ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት የሚሄዱት ጀልባዎችም እዚያው አካባቢ ናቸው። ማኪያቶ አዝዤ ታንኳዎቹን አያለሁ። ምሳ ሰዓት አሳ እበላለሁ። ይህን ለማድረግ ማንም እዚያ ማደርህን አይጠይቅህም። እናቴም ጣናን በደንብ ያየችው በሆቴሉ መስኮት ሳይሆን እዚያ ተቀምጣ ነው። ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሁለት ሰዓት ሙሉ አልተነሣችም።

መሐል ከተማ እንከን የለውም አልልም። ጫጫታ አለ። ከታች ባር ያለው ሆቴል ዓርብና ቅዳሜ አያስተኛም። ቤተ ክርስቲያን የቀረበው ላይ ገና ሳይነጋ ድምፅ ማጉያው ይቀሰቅሳል፤ እኔ እወደዋለሁ፣ እንቅልፍ የሚቸግረው ሰው ግን ይወቀው። ከዋናው መንገድ አንድ ረድፍ ገባ ያለውን ምረጡ፣ ወደ ጓሮ ያለውን ክፍል ጠይቁ፣ ግን ጀነሬተሩ በየት በኩል እንዳለ ቀድማችሁ እዩ። ሽማግሌ ይዛችሁ ከሆነ አንደኛ ፎቅ አስይዙ፤ መብራት ሲሄድ ሊፍቱም አብሮ ይቆማል።

መናኸሪያ አካባቢ ያሉት ፔንሲዮኖች በግማሽ ዋጋ ይገኛሉ። ሌሊት በአውቶቡስ ለሚነሣ ወጣት ይበቃሉ። ቤተሰብ ይዤ አልገባም።

ሐይቅ ዳር እደሩ የምለው ለሙሽሮች ብቻ ነው። እነሱም ክፍሉ ውኃውን ፊት ለፊት የሚያይ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ። ፎቶ አትቀበሉ። «አሁን በሩን ከፍተህ፣ የክፍሉን ቁጥር አሳይተህ፣ እስከ መስኮቱ ድረስ ቪዲዮ አንሣልኝ» በሉት። የሚደብቀው የሌለው ሰው በአምስት ደቂቃ ይልክላችኋል።

ጥምቀት ሰሞን፣ የዩኒቨርሲቲው ምርቃት ሰሞን፣ ወይም ትልቅ ስልጠና ከተማው ውስጥ ካለ አልጋ ይጠፋል፤ ያ የ1,800 ብር ክፍልም በዚያ ዋጋ አይገኝም። ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ደውሉና የአንድ ሌሊት ቀብድ በቴሌብር ላኩ። የተላከበትን መልእክት እንዳታጠፉት። እኔ ለመጪው ጥምቀት ቀብዴን ልኬያለሁ፤ አንደኛ ፎቅ፣ በጓሮ በኩል፣ ባለቦይለር። እናቴም አብራኝ ናት።