ጎማ ከማሰሩ በፊት ሜትር ለሚያወጣው የአዳማ ጎሚስታ

እጁ ይባረክ ብለን እንጀምር። ሰውየው ስሙና ስልኩ እንዲለጠፍ አልፈለገም፤ አዳማ ውስጥ የሚሠራበትን ቦታ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን። የምናመሰግነው ጎማ ቶሎ ስለሚቀይር አይደለም፣ እሱን የሚችል ሞልቷል። የስፖርት መኪና ይዞ «ሰፊውን ግጠምልኝ» ለሚል ደንበኛ መጀመሪያ «የቸርኬህ ስፋት ስንት ኢንች ነው?» ብሎ ስለሚጠይቅ ነው።

ነገሩን በቶዮታ 86 እንየው። ከፋብሪካ ብዙ ጊዜ 215/45 ባለ 17 ጎማ ይዞ ይመጣል፤ 215 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 45 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 17 ጎማው የሚገባበት ቸርኬ ከዳር እስከ ዳር በኢንች ነው። የቸርኬው ስፋት 7 ኢንች፣ ኦፍሴቱ (ከመኪናው ጋር የሚታሰረው ፊቱ ከቸርኬው ስፋት መሃል ወደ ውጭ ያለው ርቀት) 48 ሚሊ ሜትር ነው። እዚህ ቸርኬ ላይ 245/40 በግድ ቢገባ አየር ይይዛል፣ ከውጭ ሲታይም ያምራል። ግን ለ245/40 የተፈቀደው ቸርኬ ከ8 እስከ 9.5 ኢንች ነው። በጠባቡ ላይ ሲታሰር ጎኑ ያብጣል፣ መርገጫው መሃሉ ላይ ይጎብጣል። መሪ ሲጠመዘዝ ቸርኬው ቀድሞ ይዞራል፤ ጎማው የሚከተለው ጎኑ ታጥፎ ካበቃ በኋላ ነው። ለኩርባ ተብሎ የተገዛው ሰፊ ጎማ ከድሮው 215 የባሰ የላላ መሪ ይዞ ይመጣል ማለት ነው፤ መሃሉም ቶሎ ይበላል። 215ን 9 ኢንች ላይ ወጥሮ ማሰርም አለ፤ መልኩን የሚወዱት አሉ፣ እኛ ግን አይዋጥልንም። ጎኑ የተወጠረ ጎማ ጉድጓድ ሲያገኘው ዱላው የሚያርፈው ቸርኬው ላይ ነው። ግፊቱ ትንሽ ከቀነሰ ደግሞ ኩርባ ላይ የጎማው ከንፈር ከቸርኬው ሊላቀቅ ይችላል።

ለዚህ መኪና ብዙ ጊዜ የሚመርጠው 225/45ን በ7.5 ወይም በ8 ኢንች ቸርኬ ነው። ሒሳቡንም ወረቀት ላይ ያሳያል፦ የ215/45 ሙሉ ቁመት 625 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የ225/45 ደግሞ 634 ነው። የፍጥነት መለኪያው ቀድሞ ትክክል ከነበረ፣ 100 ሲያሳይ መኪናው በ101 ተኩል ገደማ ይሄዳል፤ ይህ አያስጨንቅም። 235/45 ግን 643 ይደርሳል። ማርሹ የረዘመ ያህል መኪናው ሲነሳ ይከብደዋል፣ ፓራፋንጎ ውስጥም ቦታ ያጥረዋል።

«ሰፊ ጎማ አስፋልት ላይ ብዙ ይቀመጣል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ክብደቱና የአየር ግፊቱ ካልተለወጡ መሬት የሚነካው ቦታ መጠኑ ብዙም አይጨምርም፤ የሚለወጠው ቅርጹ ነው። ወደ ጎን ይሰፋል፣ ወደ ፊት ያጥራል። ኩርባ ላይ መሪን ቶሎ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። ክረምት የተኛ ውሃ ላይ ቶሎ የሚንሳፈፈውም ሰፊው ነው። ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ ላይ ከባድ መኪና የረገጠውን የተሰነተረ አስፋልት እየተከተለ መሪ የሚጎትተውም እሱው ነው።

ከሁሉ በላይ የምናደንቀው ኦፍሴት ላይ ያለውን ጥንቃቄ ነው። ከ7 ወደ 8 ኢንች ሲኬድ ኦፍሴቱ 48 ሆኖ ከቀረ ቸርኬው 12.7 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ፣ 12.7 ወደ ውጭ ይሰፋል። ኦፍሴቱ 40 ከሆነ ወደ ሾኩ የሚጠጋው 4.7 ብቻ ነው፤ ወደ ውጭ ግን 20.7 ይወጣል። ከዚህ አልፎ ሲወጣ ፍሬን ሲያዝ ወይም አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲመታ መሪው ከእጅ ይነጥቃል፣ ኩሽኔታም ቶሎ ያልቃል። እሱ መጀመሪያ በክሪክ አንስቶ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዞራል፣ ሾክና ጎማ መካከል ጣቱን ያስገባል። ከዚያ መኪናውን አውርዶ፣ ሰው አስጭኖ እንደገና ያያል። ይሄ ሁለተኛው ነው ብዙ ጋራዥ የሚዘለው፤ ጎማ የሚፋቀው ደግሞ መኪናው ሲጫን ነው።

የመሃል ቀለበቱንም አይረሳም። የዚህ መኪና ሞዞ (የቸርኬው የመሃል ቀዳዳ የሚገባበት እምብርት) 56.1 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከገበያ የሚገዛ ቸርኬ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ 73.1 ይሆናል። ልዩነቱን የሚሞላ ቀለበት ከሌለ ቸርኬው መሃሉን ስቶ ሊታሰር ይችላል፤ ያኔ ፈጣን መንገድ ላይ መሪው ይንቀጠቀጣል። ባላንስ ሦስት ጊዜ ቢሠራ አይድንም።

ከኋላ ብቻ 245 አድርጉልኝ የሚሉትን ፊት ለፊት ይከራከራቸዋል። ፊቱ 215 ሆኖ ኋላው ሲሰፋ ኩርባ ላይ አፍንጫው ወደ ውጭ ይሄዳል፤ የመኪናው ጥሩ ጠባይ እዚያው ያበቃል። አራቱም እኩል ይሁኑ ነው የሚለው፣ እኛም እንስማማለን።

ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ባለ 4 አሃዝ ቁጥር ያሳያችኋል፦ 2319 ማለት በ2019 እንደ ፈረንጆቹ በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ያረጀውን ራሱ ይመልሰዋል። ግፊት የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ በአዳማ ቀትር የተለካ ከጠዋቱ ከፍ ብሎ ስለሚያሳይ፣ ያኔ የሚቀንስ ሰው ማታ ጎማው ጎድሎ ያገኘዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት አትሂዱ፣ ወረፋው አያልቅም፤ እሱም ለማንም ብሎ አይቸኩልም። ዳዶውን በቶርክ ቁልፍ በኮከብ ቅርጽ ያጠብቃል፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ስትመለሱ ደግሞ ሳያስከፍል ያጠብቅላችኋል።