«ስልጠናውም ሥራውም ከእኛ» የሚሏችሁ የአይቲ ሥራ ሻጮች ጋ ከመፈረማችሁ በፊት

ቲክቶክ ላይቭ ላይም ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥም የሚዞረው ማስታወቂያ ቃሉ ሁሉ ሳይቀር አንድ ዓይነት ሆኗል። ልምድ አያስፈልግም፣ በሦስት ወር ሲስተም አድሚን (የድርጅት ኮምፒውተሮችና ሰርቨሮች አስተዳዳሪ) ሆናችሁ ከቤታችሁ ትሠራላችሁ፣ ሬዙሜውን እኛ እናዘጋጃለን፣ ኢንተርቪው ላይም አብረናችሁ ነን፣ ሥራው ጋራንቲ ነው። ክፍያው ብዙ ሺህ ዶላር ነው፤ ግማሹ ዛሬ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ ወዲያው ገንዘብ በሚላክበት አፕ)፣ ግማሹ ስትቀጠሩ። ይህ ጽሑፍ በተለይ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ላላችሁ ወገኖች ነው፤ አዲስ አበባ ላላችሁም ከታች የሚጠቅም ነገር አለ።

መጀመሪያ ምን እንደምትገዙ እወቁ። የሚያስተምሯችሁ ነገር በነጻ ወይም በጥቂት መቶ ዶላር የሚገኝ ነው፤ ዋጋውን ከላይ ጫፍ የሚሰቅለው ሬዙሜው ነው። ሬዙሜው ላይ ሠርታችሁበት የማታውቁት ድርጅት ውስጥ የአራትና የአምስት ዓመት ልምድ ይጻፍላችኋል። ለሪፈረንስ የሚሰጠው ስልክ የአሠልጣኙ ጓደኛ ስልክ ነው። ጉዱ ሲነቃ አሠልጣኙን የሚጠይቅ የለም፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ስምና ፊርማ የእናንተ ነው።

«ማንም አያጣራም» የሚሉት ሐሰት ነው። ቀጣሪ በሕግ መሠረት የጽሑፍ ፈቃዳችሁን ተቀብሎ የባክግራውንድ ቼክ ድርጅት ያሰማራል። ድርጅቱ ብዙ ጊዜ ሬዙሜ ላይ ባለው ስልክ አይደውልም፤ ኩባንያውን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፣ ወይም የክሬዲት መዝገብ ያዡ ኢኩፋክስ ንብረት በሆነው ዘ ወርክ ነምበር በሚባል የቅጥር መረጃ ቋት ላይ የደመወዝ መዝገባችሁን ያያል። እዚያ ካልተገኘ የዚያን ዓመት ደብሊው ቱ (ቀጣሪ በየዓመቱ የሚሰጠው የደመወዝና የታክስ ወረቀት) ላኩ ይላችኋል። የሌለ ደብሊው ቱ ከየት ይመጣል? አንዳንዶቹ ሻጮች እሱንም ሠርተው ይሰጣሉ፤ እዚህ ላይ ነገሩ ከሬዙሜ ማሳመር አልፎ ሰነድ ማጭበርበር ሆነ ማለት ነው።

በዲሲ አካባቢ ደግሞ ሌላም አደጋ አለ። ብዙው የአይቲ ሥራ የፌዴራል ኮንትራት ነው። ክሊራንስ (የምስጢር መረጃ ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ) የማይጠይቀው ቦታ እንኳ ብዙ ጊዜ ፐብሊክ ትረስት የሚባለውን የመንግሥት ማጣራት ይጠይቃል፤ ለዚያ የሚሞላው ኤስኤፍ 85ፒ የሚባለው ፎርም ያለፉትን ዓመታት ሥራ አንድ በአንድ ይጠይቃል። ሬዙሜው ላይ ያለውን ውሸት እዚያ ላይ ደግማችሁ ከፈረማችሁ የዋሻችሁት ለመንግሥት ነው። በአሜሪካ ሕግ ይህ እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው። የኢሚግሬሽን ጉዳዩ ገና ያላለቀ ሰው ይህን ሁለት ጊዜ ያስብበት።

እሺ፣ ማጣሪያውም አለፈ እንበል። ኢንተርቪው ላይ ሌላ ሰው በጆሮ ማዳመጫ ሹክ እያለ መልስ ሰጣችሁ፣ ተቀጠራችሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ይህን የመሰለ ቲኬት (የችግር ጥያቄ) ይመጣል፦ የአንዲት ሠራተኛ አካውንት በየግማሽ ሰዓቱ ይቆለፋል። የኩባንያው የተጠቃሚዎች መዝገብ የሆነው አክቲቭ ዳይሬክተሪ ውስጥ ገብቶ አንሎክ ማድረግ በአምስት ደቂቃ የሚለመድ ነገር ነው፤ ግን ተመልሶ ይቆለፋል። የሠራበት ሰው ዶሜይን ኮንትሮለሩ (ያንን መዝገብ የሚያስተዳድረው ሰርቨር) ላይ የሴኩሪቲ ሎጉን ከፍቶ የአካውንት መቆለፍን የሚመዘግበውን ኢቨንት 4740ን ይፈልጋል፤ መዝገቡ ውስጥ ቆለፋው ከየትኛው ማሽን እንደመጣ ተጽፎ ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ፓስወርድ ሲቀየር የተረሳ ስልክ፣ በድሮው ፓስወርድ የተያያዘ ኔትወርክ ድራይቭ ወይም ሳይዘጋ የቀረ የሪሞት ሴሽን ነው። ይህን በጆሮ ሹክ የሚል ሰው ስምንት ሰዓት ሙሉ አብሯችሁ አይቀመጥም። ሻጮቹ ለዚህም ፓኬጅ አላቸው፣ «የሥራ ድጋፍ» ይሉታል፣ በየወሩ ይከፈላል። ማለትም የራሳችሁን ደመወዝ ታካፍላላችሁ፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ የማታውቁት ሰው በእናንተ አካውንት የኩባንያው ሲስተም ውስጥ ይገባል።

የሚጠቅሱት ደመወዝም ተንኮል አለበት። በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ መረጃ በ2023 የሲስተም አድሚን መካከለኛ ደመወዝ በዓመት 95 ሺህ ዶላር ገደማ፣ የኮምፒውተር ድጋፍ ሰጪ ደግሞ 60 ሺህ ገደማ ነበር። ማስታወቂያው ላይ የሚለጠፈው የመጀመሪያው ነው፤ ጀማሪ የሚያገኘው ሥራ የሁለተኛው ታችኛው ጫፍ ነው። ይባስ ብሎ ያው ቢሮ የሲስተም አድሚን የሥራ ቦታ በሚቀጥሉት ዓመታት እንደሚቀንስ ነው የሚተነብየው፤ ክላውድና አውቶሜሽን ሥራውን እየበሉት ነው። «አዲስ አበባ ሆናችሁም ትሠራላችሁ» የሚለውማ ጭራሽ አይነሳ። ኩባንያዎች መግቢያ በሚቆጣጠሩበት ማይክሮሶፍት ኢንትራ ላይ ከየት አገር እንደገባችሁ በሳይን ኢን ሎግ ይታያል፤ ብዙ ኩባንያ ከአሜሪካ ውጭ የሚመጣን ሎግ ኢን ይዘጋል፤ ጠዋት ቨርጂኒያ፣ ከሰዓት ቦሌ ከታያችሁ ማስጠንቀቂያው ለሴኩሪቲ ክፍሉ ይደርሳል።

ኮንትራቱን በተመለከተ፣ «ጋራንቲ» የሚለውን ቃል ትታችሁ ገንዘብ የሚመለስበትን አንቀጽ ፈልጉ። «እስክትቀጠሩ ድረስ እናግዛለን» ማለት ገንዘብ እንመልሳለን ማለት አይደለም። ጋራንቲው አንድ ክፍል ከቀራችሁ ወይም የመጣላችሁን የመጀመሪያ ሥራ፣ ሌላ ስቴት ቢሆንም፣ እምቢ ካላችሁ ይሰረዛል የሚል መስመር ብዙ ጊዜ ከታች አለ። የመጀመሪያ ዓመት ደመወዝን በፐርሰንት የሚቆርጥ ከሆነ ከታክስ በፊት ነው በኋላ? ጣሪያ አለው? ሥራውን በራሳችሁ ብታገኙትስ ይቆርጣል? ቅጥሩ በራሳቸው ድርጅት በኩል ከሆነ፣ ቶሎ ከለቀቃችሁ የስልጠና ዋጋ ትመልሳላችሁ የሚል ቅጣት መኖሩን እዩ። 1099 ነው (ተቀጣሪ ሳይሆን ራሱን ችሎ የሚሠራ ኮንትራክተር ናችሁ) ካሏችሁ ደግሞ 15.3 ፐርሰንቱን የሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር ታክስ የምትከፍሉት እናንተ ብቻ ናችሁ፤ በሰዓት 30 ዶላር የተባለው 30 አይደለም።

ፈቃዳቸውንም ጠይቁ። ሜሪላንድ ውስጥ በክፍያ ሙያ የሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት የስቴቱን የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን ፈቃድ ይፈልጋል፤ በቨርጂኒያም ስቴቱ የሚያረጋግጠው አካል አለ። ዝርዝሩ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል፣ ስማቸውን አስገብቶ ማየት ነው። «እኛ ትምህርት ቤት ሳንሆን ኮንሰልቲንግ ነን» ካሏችሁ መልሱን አገኛችሁ።

ከፓኬጅ ሻጮቹ ሌላ፣ ምንም ሳያስተምር በቀጥታ «ተቀጥራችኋል» የሚል አለ። ኢንተርቪው የሚደረገው በቴሌግራም ወይም በሲግናል ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ድምፅም ፊትም የለም። በማግስቱ የሥራ ደብዳቤ ይመጣል፤ የታወቀ ኩባንያ ሎጎ አለው፣ ኢሜይሉ ግን ከኩባንያው ስም ጀርባ «ካሪርስ» ወይም «ኤችአር» የሚል የተቀጠለበት ዶሜይን (ከ@ በኋላ ያለው አድራሻ) ነው። የድረ ገጽ ስም መቼ እንደተመዘገበ በሚያሳየው አይካን ሉክአፕ ላይ ዶሜይኑን ብታስገቡ የተመዘገበው ከጥቂት ሳምንት በፊት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ለላፕቶፕና ለሶፍትዌር መግዣ ቼክ ይልካሉ። ቼኩን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ታስገባላችሁ፣ ገንዘቡ በማግስቱ አካውንታችሁ ላይ ይታያል፣ «ከተፈቀደለት ሻጭ» በዜል ግዙ ይባላል። የሚያታልለው ይህ ነው፤ ባንክ ቼኩ እውነተኛ መሆኑን ሳያውቅ በፊት ገንዘቡን በጥቂት ቀን ውስጥ እንዲለቅ ሕጉ ያስገድደዋል። ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ ከሳምንታት በኋላ ሊታወቅ ይችላል። ያን ጊዜ ባንኩ ሙሉውን ከእናንተ ይቆርጣል፤ በዜል የላካችሁት ግን ሄዷል። እውነተኛ ቀጣሪ ላፕቶፑን ራሱ አዘጋጅቶ ይልካል፤ አለበለዚያ እንዴት በኩባንያው ሴኩሪቲ ሥር ይገባል?

እነዚሁ ሰዎች ከሥራ ደብዳቤው በፊት የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና የመታወቂያ ፎቶ ይጠይቃሉ። አይ 9 የሚባለው የሥራ ፈቃድ ማረጋገጫ ፎርም የሚሞላው ሥራውን ከተቀበላችሁ በኋላ ነው፤ ቀጣሪው ሰነዳችሁን ለማየት ከመጀመሪያው የሥራ ቀን በኋላ ሦስት የሥራ ቀን አለው። የሚያስቸኩል ነገር የለም።

«ላፕቶፕ ቤታችሁ አስቀምጡልን፣ ዋይፋይ ላይ ሰኩት፣ በወር ይህን ያህል እንከፍላለን» ለሚላችሁ ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ መልሱ እምቢ ነው። አሪዞና ውስጥ አንዲት ሴት ይህንኑ ስትሠራ ተይዛ በሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. 102 ወር እስራት ተፈርዶባታል። በላፕቶፖቹ የሚሠሩት በተሰረቀ መታወቂያ የተቀጠሩ የሰሜን ኮሪያ የአይቲ ሠራተኞች ነበሩ፤ ከ300 በላይ የአሜሪካ ኩባንያዎች ተታለዋል፣ የተሰበሰበው ገንዘብ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ከቤቷ ከ90 በላይ ላፕቶፕ ነው የተያዘው። «ላፕቶፑን የሚጠቀምበት ማን እንደሆነ አላውቅም» ማለት ከምርመራ አያድንም።

አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ፦ ለምዝገባ፣ ለላፕቶፕ ጉምሩክ፣ ለ«ቪፒኤን ፈቃድ» ክፈሉ የሚል እውነተኛ የውጭ ቀጣሪ የለም። የተረጋገጠ የአፕወርክ (የፍሪላንስ ሥራ ማገናኛ ድረ ገጽ) አካውንት ማከራየትም መከራየትም የድርጅቱን ደንብ ይጥሳል፤ አንድ ቀን የቪዲዮ ማረጋገጫ ሲጠየቅ አካውንቱ ይዘጋል፣ ውስጡ ያለው ገንዘብም ይታገዳል። ፋይዳ መታወቂያችሁንና ፊታችሁን ይዞ የሄደ ሰው በስማችሁ ሌላ ምን እንደሚከፍት አታውቁም።

አሁን ወደ ወጪው እንምጣ። ለጀማሪ የአይቲ ድጋፍ ሠራተኛ የሚሆነው የኮምፕቲያ ኤ ፕላስ ሰርተፊኬት ሁለት ፈተና ነው፣ እያንዳንዱ እስከ 90 ጥያቄ በ90 ደቂቃ፣ ዋጋው በአሜሪካ ለአንዱ ከ250 ዶላር በላይ። የሚሠራው እትም 220-1201 እና 220-1202 ነው፤ የቀድሞው 1101 እና 1102 በሴፕቴምበር 2025 ስለተዘጋ አሮጌ ቪዲዮ የሚሸጥላችሁን አሠልጣኝ በዚህ ታውቁታላችሁ። ቀጥሎ ኤዜድ 104፣ የአዙር (የማይክሮሶፍት ክላውድ) አድሚን ፈተና፣ በአሜሪካ 165 ዶላር ነው፤ ማለፊያው ከ1000 700፤ በየዓመቱ በነጻ ይታደሳል። የማጥኛው ጽሑፍ ማይክሮሶፍት ለርን ላይ በነጻ አለ። ለመለማመጃ ላብ 16 ጊጋባይት ራም ያለው ያገለገለ ኮምፒውተር፣ በነጻ የሚወርደው ቨርቹዋልቦክስ (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌሎች ምናባዊ ኮምፒውተሮችን የሚያስኬድ ፕሮግራም)፣ የ180 ቀን የሙከራ ዊንዶውስ ሰርቨርና የ90 ቀን የሙከራ ዊንዶውስ 11 ኢንተርፕራይዝ ይበቃል። ለሰርቨሩ 4 ጊጋባይት፣ ለክላየንቱ 4 ስጡ፤ ዶሜይን አቁሙ፣ አሥር ተጠቃሚ ፍጠሩ፣ ከላይ የተጻፈውን የቆለፋ ችግር ሆን ብላችሁ ፍጠሩና ፈልጉት። ለኮምፒውተሮች የኔትወርክ አድራሻ የሚያድለውን ዲኤችሲፒ ዝጉና ክላየንቱ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ሲይዝ እዩ። ኢንተርቪው ላይ የሚጠየቀው ይኸው ነው። ዳምፕ የሚባለውን የተሰረቀ ጥያቄ አትግዙ፤ ከታወቀ ሰርተፊኬቱ ይሰረዛል።

ገንዘቡ ካስቸገረ አሜሪካን ጆብ ሴንተር ሂዱና ዊዮአ በሚባለው የፌዴራል ሕግ የሚሰጠውን የስልጠና ድጋፍ ጠይቁ፤ መስፈርቱን ካሟላችሁ በተፈቀደላቸው ተቋማት ዝርዝር ውስጥ ላለ ስልጠና መንግሥት ይከፍላል። ሞንትጎመሪ ኮሌጅና ኖቫም (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ያስተምራሉ። የመጀመሪያው ሥራ ግን ከቤት ይሆናል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ሄልፕ ዴስክና ዴስክቶፕ ሳፖርት ላፕቶፕ የሚያድል፣ ኬብል የሚስብ ሰው ይፈልጋል። ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ ለትንንሽ ቢሮዎች አይቲ የሚሠሩ ድርጅቶች ጋ አመልክቱ፣ በኩባንያው ድረ ገጽ በቀጥታ። ከቤት መሥራቱ ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ በልምድ ይመጣል።

ቀድማችሁ ከከፈላችሁ ጊዜ አታባክኑ። በክሬዲት ካርድ ከሆነ ሂሳቡ የታየበት ስቴትመንት ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለባንኩ በጽሑፍ ተከራከሩ። ሆቴል አዳራሽ በተዘጋጀ ሴሚናር ላይ ከ130 ዶላር በላይ ከፍላችሁ ከፈረማችሁ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ የመሰረዝ መብት አላችሁ፤ ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ለተገዛ ግን ይህ አይሠራም። በዜል ከላካችሁ ያኔውኑ ባንክ ደውሉ፤ ዕድሉ ጠባብ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ከሰጣችሁ ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን ላይ ክሬዲታችሁን አግዱ፣ ነጻ ነው፤ ከታክስ መሥሪያ ቤቱም አይፒ ፒን (ሌላ ሰው በስማችሁ ታክስ እንዳያስገባ የሚከላከል ቁጥር) አውጡ። ጥቆማውን ለኤፍቲሲ (የፌዴራል የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት) እና ለኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል መቀበያ አይሲ3 አስገቡ። ከሁሉም በፊት ግን የቴሌግራሙን ምልልስ ስክሪንሾት አድርጉ፤ ሻጩ ከራሱም ከእናንተም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላልና።