በመዶሻ የሚመታው ካቻቢቴ፣ ከአንድ ክረምት በኋላ

የምነዳው የድሮ ጃፓን ሠራሽ ሞተር ነው፣ የምኖረው ደግሞ ባሕር ዳር። አምና የፍሪሲዮን ሸራ ልቀይር ብዬ የጎን ክዳኑን ስፈታ ብሎኖቹ ሁሉ ወጡ፣ ከታች ያለው አንዱ ግን ነክሶ ቀረ። ከእኔ በፊት አንድ ጋራዥ ጭንቅላቱ ላይ ያለውን የካቻቢቴ ማስገቢያ መስቀል ግማሹን በልቶታል። እኔም ሁለት ጊዜ ስታገለው ካቻቢቴው እየዘለለ የቀረውን ላጠው። በዚህ መሀል አንድ የሰፈራችን አሮጌ መካኒክ አይተውኝ፣ «ተው አንተ ልጅ፣ ይሄ በክንድ አይፈታም፣ በምት ነው» አሉኝ። በማግስቱ ሄጄ በመዶሻ የሚመታውን ካቻቢቴ ገዛሁ።

ዕቃው ወፍራም የብረት እጀታ ነው፣ መዳፍ ይሞላል። ጫፉ ላይ የተለያየ ቢት (ብሎኑ ውስጥ የሚገባው ተነቃይ ጫፍ) ይሰካበታል። ውስጡ ስፕሪንግና ሰያፍ የሆነ ቦይ አለ፤ ጀርባውን በመዶሻ ስትመታው ጫፉ በትንሹ ይዞራል። ዋናው ነገር ግን መዞሩ ብቻ አይደለም። ተራ ካቻቢቴ ኃይል ሲበዛበት ከመስቀሉ ወደ ላይ ይወጣል፣ ብሎን የሚበላውም ያኔ ነው። ይሄኛው ግን በሚዞርባት ቅጽበት ምቱ ራሱ ወደ ውስጥ ይደፍቀዋል፣ ስለዚህ የመዝለል ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው።

ብሎኑ ለምን እንደነከሰም ልንገራችሁ። ክዳኑ አሉሚኒየም ነው፣ ብሎኑ ብረት። ሁለቱ እርጥበት ባለበት ተነካክተው ሲከርሙ አሉሚኒየሙ ይዝግና ጥርሱን ይሞላዋል። ስለዚህ ማታውኑ አሴቶንና የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እኩል ለእኩል ቀላቅዬ ጠብ ጠብ አደረግኩበት (እሳት በአካባቢው እንዳይኖር፣ ቀለምና ፕላስቲክም እንዳይነካ)። ብዙ ሰው ለዚህ ደብሊው ዲ ፎርቲ (WD-40) የተባለውን የሚረጭ ፈሳሽ ነው የሚነፋው። እሱ በ1953 እ.ኤ.አ. ሲሠራ የታሰበው ውሃ ለማባረር ነው፣ ስሙም ከዚያው የመጣ ነው፣ 40 ቁጥሩ 40ኛው ሙከራ መሆኑ ነው። ቀላል ዝገት ላይ ይሠራል፣ ክፉኛ ለነከሰ ብሎን ግን አልታመንበትም።

ጠዋት ታንከሩን ከነቤንዚኑ አውርጄ አራቅኩት። ከሞባይል ጠጋኝ ጎረቤቴ የሙቅ አየር መንፊያውን ተውሼ በብሎኑ ዙሪያ ያለውን ክዳን አሞቅኩት። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ ቀዳዳው ትንሽ ይለቃል። ከዚያ ቢቱን መስቀሉ ላይ አስቀምጬ፣ እጀታውን ወደሚፈታበት አቅጣጫ እስኪጠብቅ ጠመዘዝኩና በግማሽ ኪሎ መዶሻ መታሁት። ምንም የለም። ሁለተኛውም ምንም። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ፣ «ጠቅ» አለና መስቀሉ በጥቂቱ ዞሮ አየሁት። ከዚያ በኋላ በእጄ ነው የጨረስኩት። ጥርሱ ውስጥ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ታጭቆበት ወጣ።

አሁን ወደ ጉድለቱ። አብረውት የሚመጡት ቢቶች ለስላሳ ናቸው፣ የእኔ አንዱ በሁለተኛው ሥራ ጠርዙ ተጣመመ። እጀታውን ግዙ፣ ቢቱን ግን ጠንካራ ፈልጋችሁ ለብቻ ግዙ። የጃፓን ሞተር ላይ ያለው መስቀል ከተለመደው ፊሊፕስ ጋር ይመሳሰላል እንጂ አንድ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱ ላይ ትንሽ ነጥብ ይኖረዋል። ጄ አይ ኤስ (የጃፓን ደረጃ) የተባለውን ቢት ማግኘት ከቻላችሁ እሱን ያዙ። ለ6 ሚሊ ብሎን 3 ቁጥር ነው የሚሆነው፣ 2 ቁጥር ከገባበት ልቅ ነውና ይበላዋል። ሌላው፣ አቅጣጫ መቀየሪያው ምልክቱ ግልጽ አይደለም። ከመምታታችሁ በፊት በእጃችሁ ጫን አድርጋችሁ ወዴት እንደሚዞር እዩ፣ አለበለዚያ ጭራሽ ታጠብቁታላችሁ።

በነገራችን ላይ የአቅጣጫው ነገር የያማሃ መስታወት ላይም አለ። የቀኙ መስታወት ብዙ ጊዜ ጥርሱ የግራ ነው፣ የሚፈታው በተቃራኒው ነው። ነክሷል ብለው በጉልበት የሰበሩትን አውቃለሁ።

መስቀሉ ጨርሶ ክብ ከሆነ ይሄ ዕቃ አያድናችሁም። ያኔ ጭንቅላቱን በድሪል ማንሳት ነው፣ ክዳኑ ሲወጣ የሚቀረውን ግንድ በፒንሳ ትይዙታላችሁ። የተሰበረ ብሎን ማውጫ የሚባለውን መሣሪያ ግን እባካችሁ በጥንቃቄ። ጠንካራ ሆኖ ተሰባሪ ነው፣ ውስጥ ከተሰበረ ተራ የድሪል ፑንታ አይበላውም፣ ሥራው ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል።

ዋጋው ከሁለት ሊትር የሞተር ዘይት ብዙም አይርቅም ነበር፣ ቢጠፋብኝ ነገውኑ ሌላ እገዛለሁ። ክዳኑን ስመልስ ግን ባለ መስቀል ብሎኖቹን ሁሉ በአለን ብሎን (ጭንቅላቱ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ በሆነው) ቀየርኳቸው፣ ጥርሳቸው ላይ ትንሽ ግራሶ ቀብቼ በ10 ኒውተን ሜትር አጠበቅኳቸው። ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ ከፈትኩት፣ ሁሉም በአጭሯ ቁልፍ ወጡልኝ።