ድሮብሪጅ እንወስዳችኋለን ለሚሏችሁ ገንዘብ እንዳትልኩ

ሳን ሆዜና ፍሪሞንት አካባቢ ያላችሁ ፎቶ ወዳጆች፣ ይቺን ሳታነቡ እንዳትከፍሉ። ሰሞኑን በየቴሌግራም ግሩፑ አንድ ማስታወቂያ እየዞረ ነው። በ380 ዶላር ካይት (በክር ተይዞ በንፋስ የሚበር መጫወቻ)፣ ክርና የካሜራ ማንጠልጠያ እንሰጣለን፣ ድሮብሪጅ ድረስ ወስደንም ከሰማይ ፎቶ እናስነሳለን ይላል።

አደገኛው ጉዞው ነው። ድሮብሪጅ በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ደቡብ ጫፍ፣ ረግረግ መሃል የቀረች ሰው አልባ መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ1876 ባቡር መስመር ሲዘረጋ፣ ለጀልባ የሚከፈቱ ድልድዮችን ለሚጠብቅ ሰው በተሠራ ቤት ተጀመረች። ኋላ ዳክዬ አዳኞች ሞሏት። የመጨረሻው ነዋሪ የወጣው በ1979 ነው። የከርሰ ምድር ውሃው ሲሳብ መሬቱ ሰመጠ፤ ዛሬ የቀሩትን ቤቶች ጭቃው እየዋጣቸው ነው። ፎቶ ላይ ልብ ትሰርቃለች፣ አልክድም። ግን ለሕዝብ ዝግ ናት። ያለችው የዱር እንስሳት መጠለያ ክልል ውስጥ ሲሆን በእግር የሚያስገባው ባቡር የሚመላለስበት ሐዲድ ነው። እዚያ ላይ ሰው ይዞ መሄድ በሕይወት መቆመር ነው። «ፈቃድ አለን» ሲሉ ወረቀቱን አሳዩኝ አልኳቸው። ወዲያው ከግሩፑ አስወጡኝ።

ወደ ዕቃው ልምጣ። አንድ ወዳጄ የገዛውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አየነው። የካሜራ መያዣው ካይቱ ላይ በቀጥታ የሚታሰር ላስቲክ ነው። ይሄ ብቻውን ሻጩ ሥራውን እንደማያውቅ ያሳያል። ደህና ዕቃ ሲሆን መጀመሪያ ካይቱ ወጥቶ ይረጋጋል። ካሜራው ከእሱ ብዙ ሜትር ዝቅ ብሎ ክሩ ላይ ይንጠለጠላል፤ ካይቱ ሲወራጭ አብሮ እንዳይናጥ። ፒካቬት የሚባል መስቀል መሳይ ማንጠልጠያ አለ፣ ገመዱ በቀለበቶች ውስጥ እየተንሸራተተ ካሜራውን ሳያዘም ይይዘዋል። እነሱ ጋ ይሄ የለም። ክሩ ደግሞ ቀጭን ናይለን ነው፣ ስንስበው እንደ ማስቲካ ተለጠጠ። ስንት ኪሎ እንደሚችል የትም አልተጻፈበትም። ጓንትም የለው። በጋ ከሰዓት በኋላ የሚነሳውን የባሕሩን ንፋስ የምታውቁ፣ እንዲህ ያለ ክር እጅ እንደሚቆርጥ ትረዱኛላችሁ።

በዚህ ምክንያት ግን ካይት ፎቶ ራሱ ውሸት ነው እንዳትሉ። በ1906 ከመሬት መንቀጥቀጡ በኋላ ጆርጅ ሎውረንስ ፍርስራሽ የሆነችውን ሳን ፍራንሲስኮን ያነሳው ካሜራ በካይት ሰቅሎ ነው። የባሕረ ሰላጤው የጨው ኩሬዎችም ከላይ ሲታዩ ቀይና አረንጓዴያቸው ጉድ ነው። መሞከር የምትፈልጉ ዕቃውን ለየብቻ ግዙ፣ የክሩን አቅም ጠይቁ። መጀመሪያ ሜዳ ላይ የካሜራችሁን ክብደት የሚያህል የውሃ ጠርሙስ ሰቅላችሁ ተለማመዱ። «ካይት ድሮን ስላልሆነ ማንም አይጠይቃችሁም» የሚሉትንም አትስሙ፤ መጠለያው ውስጥ ወፎችን ማስደንገጥ ክልክል ስለሆነ አስቀድማችሁ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ። ድሮብሪጅን ማየት ብቻ ከሆነ የሚያምራችሁ፣ ከፍሪሞንት ወደ ሳንታ ክላራ የሚሄደው ባቡር መሃሏን አቋርጦ ስለሚያልፍ በመስኮት ታዩዋታላችሁ።

ቀድማችሁ የከፈላችሁ፣ ማስታወቂያውን ሳያጠፉት ዛሬውኑ ስክሪንሹት አንሱ። በክሬዲት ካርድ ከሆነ ባንኩ ጋ ደውላችሁ ክፍያውን ተቃወሙ። በዜል (ከባንክ ሂሳብ በስልክ ገንዘብ መላኪያው) የላካችሁም ደውሉ፣ ማስመለሱ ከካርዱ ይከብዳል እንጂ ቅሬታችሁ ይመዘገብላችኋል።