ተጨማቂ ስፔሰር ወይስ ጠንካራ ስፔሰር፦ የፒኞን ኩሽኔታ አጠባበቅ በቤት ጋራዥ

በቤት ጋራዥ ዲፈረንሻል ገጥሞ የሚያውቅ ሰው እጅግ የሚፈተነው በኮሮናው (በትልቁ ባለጥርስ ቀለበት) ሳይሆን፣ እሱን በሚያዞረው ትንሹ ጥርስ ማለትም በፒኞኑ ሁለት ኩሽኔታዎች መካከል በሚገባው ስፔሰር (ርቀት ጠባቂ ቱቦ) ነው። ተጨማቂው ስፔሰር ዳዶው ሲጠብቅ እየተጨማደደ የሚያጥር ቀጭን ቱቦ ሲሆን፣ መጨማደድ እስኪጀምር ብዙውን ጊዜ ከ300 ኒውተን ሜትር በላይ ጉልበት ስለሚጠይቅ፣ ፍላንጁ (በፒኞኑ ጫፍ ያለው የካርዳን ማሰሪያ) እንዳይዞር የሚይዝ ረጅም ዘንግ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ ዳዶውን በጥቂት ዲግሪ ብቻ እያዞሩ፣ ፒኞኑን ለማሽከርከር የሚበቃውን ጉልበት በትንሽ ቶርክ መፍቻ ደጋግሞ መለካት ግድ ነው፤ ለአዲስ ኩሽኔታ በብዙ አክሰሎች የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ከልኩ ካለፈ ዳዶውን ማላላት አያድንም፤ የተጨማደደው ስፔሰር ተመልሶ ስለማይረዝም አውጥቶ በአዲስ መተካት ነው።

ጠንካራው ስፔሰር ግን አያጥርም፤ ልኩ የሚስተካከለው ከጎኑ በሚደረቡ ሺሞች (ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች) ነው። የ0.05 ሚሊሜትር ሺም ሲቀነስ ኩሽኔታዎቹ ይጠብቃሉ፣ ሲጨመር ይላላሉ። በየሙከራው ፍላንጁንና የፊቱን ኩሽኔታ ማውጣት ስለሚያስፈልግ፣ ፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይፈስ የሚከላከለው የጎማ ቀለበት) የሚገባው ልኩ ከተገኘ በኋላ ነው፤ ይህን ዘንግቼ ሁለት ፓራኦሊዮ አበላሽቻለሁ።

የጥርሶቹን አነካክ በሚወስነው የፒኞን ጥልቀት ረገድ በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም። ጊዜ ያለውና ኃይለኛ መፍቻ የሌለው ሰው ጠንካራውን ቢመርጥ እላለሁ፤ ወደፊት ፓራኦሊዮ ሲቀየርም ዳዶውን በተወሰነለት ልክ መልሶ ማጥበቅ ይበቃል።